ከማንቸስተር እስከ ኦሞ ዳርቻ፦ የግራናዳ ቴሌቪዥን ታሪክ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ግራናዳ ቴሌቪዥን ነው። ግራናዳ መቀመጫውን በማንቸስተር ከተማ አድርጎ የሰሜን እንግሊዝን ሕዝብ ሲያገለግል የኖረ የአካባቢ ጣቢያ ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ ላይ እኛው አገር፣ ደቡብ ኦሞ ድረስ ስለሚወስደን አብራችሁን ቆዩ። ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን፣ ለይተን ካልነገርናችሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልን።

የጣቢያው መሥራች ሲድኒ በርንስታይን ይባላሉ። ለንደን አጠገብ የተወለዱ፣ ከወንድማቸው ከሴሲል ጋር ሆነው ትልልቅ ሲኒማ ቤቶችን ያስተዳድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ለንደንን የመሰለ ከተማ ትተው ማንቸስተርን ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነበር። ሁለት ካርታ ዘርግቼ አየሁ ይላሉ፤ አንደኛው የሕዝብ አሰፋፈር፣ ሁለተኛው የዝናብ መጠን። ሰውም ዝናብም የሚበዛው ሰሜን ሆኖ ተገኘ። ዝናብ ከቤት የማያስወጣው ሕዝብ ደግሞ ቴሌቪዥን ከማየት ወዴት ያመልጣል!

ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ ከበስተጀርባው ግን የነጋዴ ሒሳብ አለ። የወንድማማቾቹ ሲኒማ ቤቶች በብዛት የሚገኙት በደቡብ እንግሊዝ ነበር። በሰሜን የሚከፈት ቴሌቪዥን የገዛ ትኬት ገዢዎቻቸውን አይነጥቅባቸውም። ሒሳብ ብቻም አልነበረም። ማንቸስተር ያለችበት ላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ አገር ነበር። የራሱ አነጋገር፣ የራሱ ቀልድ፣ የራሱ የቴአትር ልማድ አለው፤ ሃሌ የተባለው ስመ ጥር ኦርኬስትራም ሆነ ማንቸስተር ጋርዲያን ጋዜጣ የበቀሉት እዚያው ነው። በርንስታይን ይህንን ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ ከሚኖረው የለንደን ሕዝብ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ሰሜኑ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ታያቸው። የሚነገር ታሪክ የሚገኘው እዚህ ነው ብለው ደመደሙ።

ነገሩን ለመረዳት የእንግሊዝን የቴሌቪዥን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። እስከ 1955 ድረስ በብሪታንያ የነበረው ቴሌቪዥን ቢቢሲ ብቻ ነው። በ1954 የወጣው ሕግ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር ሁለተኛ ሥርጭት ፈቀደ፤ ይህም አይ ቲ ቪ ተባለ። አይ ቲ ቪ ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ኩባንያ አልነበረም። አገሪቱ ተሸንሽና ለየኩባንያው ተሰጠች። እያንዳንዱ ኩባንያ በተሰጠው አካባቢ ማስታወቂያ የመሸጥ መብት የእሱ ብቻ ነበር፤ በምትኩ የአካባቢውን ዜናና ዝግጅት ማቅረብ ግዴታው ነበር። ጥሩ ሥራ ሲሠራ ደግሞ ሌሎቹ ይቀበሉትና በመላው አገር ይታይ ነበር። ግራናዳ የደረሰው ላንካሻየርና ዮርክሻየር ነው፤ ያውም ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ። ቅዳሜና እሑድ የማሠራጫ ማማው ለሌላ ኩባንያ ይለቀቅ ነበር።

በርንስታይን የግራ ክንፍ አስተሳሰብ የነበራቸው፣ የሌበር ፓርቲ ደጋፊ ነበሩ። የቢቢሲ ብቸኝነት ባይነካ ይመርጡ ነበር፤ የግል ቴሌቪዥን መምጣቱ ካልቀረ ግን እኛም እንግባበት አሉ። ጣቢያው ግንቦት 3 ቀን 1956 ሥርጭት ሲጀምር በዚያው በመክፈቻው ምሽት ለተፎካካሪው ለቢቢሲ የምስጋና ቃል ማሰማቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ግራናዳ የሚለው ስም ደግሞ ከስፔኗ ከተማ የመጣ ነው። በርንስታይን በእግር ጉዞ ላይ ሳሉ አይተዋት ስለወደዷት አስቀድሞ የሲኒማ ቤቶቻቸው፣ ኋላም የቴሌቪዥኑ መጠሪያ አደረጓት።

ሕንፃው የተሠራው በማንቸስተር መሐል፣ ኩዌይ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ነው። በብሪታንያ ሌላው ጣቢያ የድሮ ቴአትር ቤትና መጋዘን እየጠጋገነ ሲሠራ፣ ይሄ ከመሠረቱ ለቴሌቪዥን ተብሎ የታነጸ ነበር። ስቱዲዮዎቹ ሲቆጠሩ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 ይባሉ ነበር። አንድና ሦስት የሚባል አልነበረም፤ ቁጥሩን የሰማ እንግዳ ጣቢያው ከእውነቱ እጥፍ እንዲመስለው ተብሎ በጎደሎ ቁጥሮቹ ላይ ተዘሏል። በኃላፊዎቹ ቢሮ ግድግዳ ላይ ደግሞ የአሜሪካዊው የሰርከስ ሰው የባርነም ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የበርንስታይን ትእዛዝ ነው። ምንም ያህል ቁምነገር ብትሠሩ ሰው ማዝናናታችሁን እንዳትረሱ ማለታቸው ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ግን አስጨናቂ ነበር። ማስታወቂያ አስነጋሪ ጠፋ። በርንስታይን ከለንደኑ አቻቸው ከአሶሺየትድ ሬዲፊውዥን ጋር በምስጢር ተዋዋሉ፤ ኪሳራውን እናንተ ተሸከሙልን፣ እኛም ከገቢያችን እናካፍላችኋለን የሚል ውል ነው። ብዙም ሳይቆይ የማስታወቂያ ገንዘብ እንደ ጎርፍ መጣ፤ ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ግን ትርፉ ለለንደን ሲገመስ ቆየ።

ግራናዳን በአገር ደረጃ ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራ የምርጫ ዘገባ ነው። በዚያን ጊዜ ምርጫ ሲቀርብ ቢቢሲም ሌላውም ዝም ይል ነበር። የምርጫ ሕጉ እንዳይነካን በሚል ፍርሃት፣ ተወዳዳሪዎችን በስክሪን ማሳየት ቀርቶ ስለ ውድድሩ ማውራት አይደፈርም። የካቲት 1958 ከማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሮችዴል ከተማ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ግራናዳ ካሜራውን ይዞ ገባ፤ ተወዳዳሪዎቹን ስቱዲዮ አቀረበ፣ የቆጠራውንም ውጤት ዘገበ። ሰማይ አልተደረመሰም። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ያለ ቴሌቪዥን የሚካሄድ ምርጫ የለም። ይህንን በር የከፈተው ዋና ከተማው ላይ ያለው ትልቁ ጣቢያ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ የ24 ዓመት ወጣት የማንቸስተርን ሠራተኛ ሰፈር የሚያሳይ ድራማ ይዞ መጣ። ቶኒ ዋረን ይባላል። ገጸ ባሕርያቱ የሚኖሩት በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በተደረደሩ ቤቶች ነው፤ ጥግ ላይ መጠጥ ቤትና ሱቅ አለ። ለድራማው የታሰበው ስም ፍሎሪዜል ስትሪት ነበር። አግነስ የምትባል የቢሮው ሻይ አቅራቢ ስሙን ሰምታ የጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ ይመስላል አለች ይባላል፤ እናም ኮሮኔሽን ስትሪት ተብሎ ተቀየረ። አለቆቹ ተጠራጥረዋል። እንደዚህ ዓይነት ወፍራም የሰሜን አነጋገር ማን ይሰማል? ምንም የማይፈጠርበት ሰፈር ማን ያያል? የተፈቀደለት 13 ክፍል ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1960 የመጀመሪያው ክፍል በቀጥታ ተላለፈ። መንገዱ የተሠራው ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨት ነው፤ ቦታ ስላልበቃ የቤቶቹ ፊት ከትክክለኛው መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነበር። ፀጉሯን በመረብ ሸብባ መጠጥ ቤቱ ጓዳ ተቀምጣ መንደርተኛውን ሁሉ የምትቦጭቀው ኢና ሻርፕልስ ስትመጣ ተመልካቹ ሳቀ፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰፈር አንድ እንደሷ ያለች አለች። በማግስቱ አንድ የዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ጸሐፊ ድራማው ዕድሜ የለውም ብሎ ጻፈ። ያ ድራማ ዛሬም አልቆመም። በ2010 ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ገና በመሠራት ላይ ካሉት በዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ብሎ መዝግቦታል። በመጀመሪያው ክፍል ተማሪውን ኬን ባርሎን ሆኖ የተጫወተው ዊሊያም ሮች አርጅቶም እዚያው ቀርቷል።

በ1962 ክረምት አንድ የግራናዳ ቡድን ካሜራ ይዞ ሊቨርፑል ወረደ። ካቨርን በሚባል ምድር ቤት ውስጥ በሚገኝ የሙዚቃ ክበብ የሚጫወቱ አራት ልጆች ሊቀረጹ ነው፤ ቢትልስ ነበሩ። ከበሮ መቺያቸው ፒት ቤስት ተባርሮ ሪንጎ ስታር ከተተካ ገና ቀናት ብቻ ሆኖታል፤ ዘፈኑ ሲያበቃ ፒትን አምጡልን የሚል የታዳጊ ጩኸት ፊልሙ ላይ ይሰማል። ቀረጻው ጨለማ፣ ድምፁም ደካማ ስለነበረ ያኔ ሳይተላለፍ ቀረ። ልጆቹ በዚያው ዓመት ጥቅምት በግራናዳ የአካባቢ ዝግጅት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታዩ። ለዜና ማሳረጊያ የሰፈር ዘፋኝ የሚፈልግ የአካባቢ ጣቢያ ባይኖር ኖሮ፣ በዚያን ጊዜ ለንደን ማንም አይጠራቸውም ነበር። ያንን የካቨርን ቀረጻ የመራው ወጣት አዘጋጅ ሌስሊ ዉድሄድ ነው። ስሙን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

በ1963 ወርልድ ኢን አክሽን የተሰኘው የምርመራ ዝግጅት ተጀመረና 35 ዓመት ዘለቀ። ይህ ዝግጅት መንግሥትንም ትልልቅ ኩባንያዎችንም እንቅልፍ ነስቷል። ለምሳሌ በ1974 በበርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ላይ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰው ሞተ፤ ስድስት የአየርላንድ ተወላጆች ተይዘው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ከማስረጃዎቹ አንዱ እጃቸው ላይ የፈንጂ ቅሪት አሳየ የተባለ የኬሚካል ምርመራ ነበር። በ1985 የግራናዳ ጋዜጠኞች ያንኑ ምርመራ በባለሙያ አስደገሙት። ሰዎቹ ከመያዛቸው በፊት ባቡር ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ነበርና፣ የመጫወቻ ካርታ ሽፋንም ያንኑ ውጤት ሊያሳይ እንደሚችል ታወቀ። ስድስቱ ሰዎች ከ16 ዓመት እስር በኋላ በ1991 በነፃ ተለቀቁ። ፍርዱን ያስቀለበሰው የብዙ ሰው ትግል ነው፤ ያ ዝግጅት ግን በሕዝብ ፊት ጥርጣሬውን የዘራ ነው።

በዚሁ ዝግጅት ሥር በ1964 ሰባት ዓመት የሞላቸው 14 ሕፃናት፣ የሀብታምም የድኻም ልጆች፣ ቀርበው ስለ ሕይወታቸው ተጠየቁ። ሕፃናቱን በመምረጥ የሠራው ወጣት ማይክል አፕትድ ከዚያ በኋላ በየሰባት ዓመቱ እየተመለሰ ቀረጻቸው፤ የመጨረሻው ሥራው የወጣው ልጆቹ 63 ዓመት ሲሞላቸው በ2019 ነው። አንድን ትውልድ ከልጅነት እስከ ሽበት የተከተለ እንዲህ ያለ ፊልም ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሌስሊ ዉድሄድና ወደ አገራችን እንምጣ። ግራናዳ ከ1970 ጀምሮ ዲስአፒሪንግ ወርልድ የሚባል ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ይሠራ ነበር። አሠራሩ ለየት ያለ ነው። ፊልም ቀራጮቹ ብቻቸውን አይዘምቱም፤ ከሕዝቡ ጋር ለዓመታት የኖረና ቋንቋውን የሚችል የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ አብሯቸው ይሄዳል። የሚቀረጹት ሰዎች ንግግር በአንባቢ ድምፅ አይሸፈንም፤ ሰዎቹ በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ፣ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ይወጣል። በዚያን ዘመን ለእንግሊዝ ተመልካች ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ተርተን በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ከሚኖሩት ሙርሲዎች ጋር ኖሮ ያጠና ምሁር ነው። በ1974 ዉድሄድና ተርተን ተያይዘው ወደ ሙርሲ ምድር ሄዱ። ወቅቱ ሙርሲዎች ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር የተጋጩበት ነበር። የተመልካቹን ዓይን ለመሳብ የከንፈር ሸክላውንና የዱላ ግጥሚያውን ማሳየት ቀላል ነበር፤ ብዙ የውጭ ካሜራ ሲያደርገው የኖረውም ይኸንኑ ነው። ፊልሙ ግን ዋና ጉዳዩ ያደረገው የሙርሲዎችን ሸንጎ ነው። አለቃ በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ ወንዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ተናጋሪው እየተነሣ ከፊታቸው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ እንዋጋ ወይስ እንታረቅ እያሉ ሲከራከሩ ይታያል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲሟገት ያደገ ኢትዮጵያዊ ያንን ትዕይንት ሲያይ ባዕድ አይሆንበትም።

ሁለቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ቀርጸው አልተሰወሩም። በ1982 በኦሞ ዳር ስለሚኖሩትና በሙርሲዎች ጥላ ሥር ስለሚተዳደሩት ክወጉዎች፣ በ1985 ደግሞ ከድርቅ ሸሽተው ወደ ማጎ ሸለቆ ስለተሰደዱ ሙርሲዎች ፊልም አወጡ። በ1991 ሌሎች ሁለት ጨመሩ፤ ከእነዚህ አንዱ ለ30 ዓመት ያህል ሳይደረግ የቆየውን ኒታ የተባለ የዕድሜ እርከን ሥርዓት ያሳያል። ግራናዳ በ1987 ለማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሰጥቶ የፊልም አንትሮፖሎጂ የሚማሩበት ማዕከል አቋቁሟል፤ ማዕከሉ እስካሁን በጣቢያው ስም ይጠራል።

ኢትዮጵያና የእንግሊዝ የአካባቢ ጣቢያዎች የተገናኙት በዚህ ብቻ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቋቋም ሥራውን ያገዘው የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱ ሮይ ቶምሰን የግራናዳ አቻ የሆነው የስኮትላንድ ቴሌቪዥን ጌታ ነበሩ። የወሎን ረሀብ በ1973 ለዓለም ያጋለጠው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልምም የተሠራው በለንደኑ የአይ ቲ ቪ ኩባንያ በቴምስ ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በእኛው አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ለሕዝብ አሳየው። ያንን ምሽት የሚያስታውሱ አድማጮች ዛሬም አሉ።

ወደ ማንቸስተር እንመለስ። ግራናዳ በ1968 ዮርክሻየርን ተነጠቀ፤ በምትኩ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሳምንቱ ሰባት ቀን ሁሉ የእሱ ሆነ። በ1980ዎቹ በድራማ የደረሰበት ደረጃ ቢቢሲን ያስቀና ነበር፤ ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ፣ ሕንድ ድረስ ሄዶ የቀረጸው ዘ ጁወል ኢን ዘ ክራውን፣ ጄረሚ ብሬት የተወነበት ሸርሎክ ሆምስ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ውድቀቱ የመጣው በሕግ በኩል ነው። በ1990 የወጣው አዲስ የብሮድካስት ሕግ ፈቃዶቹ በጨረታ እንዲሸጡ አዘዘ። በ1991 ግራናዳ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያቀርብ ተፎካካሪው 35 ሚሊዮን አቀረበ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተፎካካሪው የጥራት መስፈርቱን አላሟላም ብሎ ስለጣለው ግራናዳ ዳነ። የዳነው ፈቃዱ ነው እንጂ ጠባዩ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ጣቢያውን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዴቪድ ፕላውራይት ከኃላፊነት እንዲወርዱ ተደረገ፤ የኩባንያው አዲሱ አለቃ ጄሪ ሮቢንሰን ከምግብ አቅርቦት ንግድ የመጡ፣ ዓይናቸው ትርፍ ላይ ያረፈ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመግዛትና የመጠቅለል ነው። ግራናዳ በ1994 የለንደንን የሳምንት መጨረሻ ጣቢያ፣ በ1997 የዮርክሻየርን ገዛ፤ በየካቲት 2004 ከሌላው የአይ ቲ ቪ ኩባንያ ከካርልተን ጋር ተዋሕዶ አንድ አይ ቲ ቪ የሚባል ኩባንያ ሆነ። ጎረቤቶቹን እየዋጠ ያደገው ጣቢያ በስተመጨረሻ ውሳኔው ለንደን የሚሰጥ የትልቅ ድርጅት አካል ሆኖ ቀረ።

ብዙ ሰው ትናንሾቹን ጣቢያዎች የገደላቸው የተመልካች ማነስ ይመስለዋል። በግራናዳ ላይ የሆነው ይህ አይደለም፤ ኮሮኔሽን ስትሪት በአገሪቱ አንደኛ በነበረበት ጊዜ ነው ባለቤትነቱ ከማንቸስተር የወጣው። የሮችዴልን ምርጫ ለመዘገብ የደፈረውም፣ ለቶኒ ዋረን 13 ክፍል የፈቀደውም፣ ካሜራ ኦሞ ድረስ የላከውም ኩዌይ ስትሪት ላይ ቁጭ ብሎ በጀቱን የሚያዝዝ ሰው ስለነበረ ነው።

የኩዌይ ስትሪቱ ስቱዲዮ በ2013 ተዘጋ። ሠራተኛው በዚያው አቅራቢያ በሳልፎርድ ወደተሠራው ሚዲያ ሲቲ ተዛወረ፤ ለኮሮኔሽን ስትሪትም በአጠገቡ ካለው ቦይ ማዶ አዲስ መንገድ ተሠራለት። የምሽቱ የአካባቢ ዜና ግራናዳ ሪፖርትስ የሚለውን ስሙን እንደያዘ አለ።

በክልል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለምትሠሩ አድማጮቻችን አንድ ልመና አለን። ያ የካቨርን ቀረጻ ደካማ ነው ተብሎ ሲቀር አልተጣለም፤ ዛሬ ቢትልስ በካቨርን ሲዘፍኑ በድምፅና በምስል የምናያቸው በእሱ ነው። የሙርሲ ፊልሞችም በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው እስካሁን ይጠኑባቸዋል። በየጣቢያችሁ መደርደሪያ ላይ ያሉትን የሠርግ፣ የሽምግልና፣ የገበያና የስብሰባ ካሴቶች በላያቸው ላይ ሌላ አትቅረጹባቸው። የተቀረጹበትን ቀንና ቦታ፣ የሰዎቹንም ስም ጽፋችሁ አስቀምጡልን።